ስርዝ ድልዝ የሌለው ገጽ

የአልባን ክሬስዊክን አስከሬን ያገኘችው ግዌንዳ ሆስኪን ናት። ፖሊስ ሲደርስ «የገደልኩት እኔ ነኝ» ያለችውም እሷው ናት።

መርማሪ ሎርና ቲስዴል ከበርኒ ከተማ ተጠርታ ፔንግዊን የተባለችው ትንሽ የደሴት ከተማ ስትደርስ፣ ከባሕሩ የሚነሳው ንፋስ የመኪናዋን በር ከእጇ ሊነጥቃት ምንም አልቀረው። ቤቱ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ ከፊት የመጽሔቱ ቢሮ፣ ከጓሮ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ጋራዥ። «የሻይ እረፍት» የተባለችው የእንቆቅልሽና የጨዋታ መጽሔት የተወለደችው እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። አልባን የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ በነበረበት ዘመን በእጅ በሚዞር ማባዣ እያተመ፣ በሻይ ሰዓት ለባልደረቦቹ ያድላት ነበር። ከዚያ የደሴቲቱ ጋዜጣ ሻጮች ተቀበሏት። ከዚያም ባሕሩን ተሻግራ በዋናው ምድር ባቡር ጣቢያዎችና የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍሎች ገባች። በቅርቡ አንድ ትልቅ የሲድኒ ኩባንያ ልግዛት ብሎ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን አልባን ጠረጴዛውን ከጋራዡ አላወጣም።

የሞተውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ራሱን ክንዱ ላይ አስደግፎ ሸለብ ያደረገው ይመስላል። ፊቱ ቀልቷል። በቀኝ እጁ ብዕር ይዟል፤ ከፊቱ ግማሹ የተሞላ የቁጥር እንቆቅልሽ ተዘርግቷል። የግድግዳው የጋዝ ማሞቂያ ግዌንዳ መጥታ እስክታጠፋው ድረስ ሲነድ ነበር። ከበሩ ውጭ፣ ምስማሩ ላይ፣ «ፈተና ላይ» የሚል የእንጨት ሰሌዳ ተንጠልጥሏል።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከማሞቂያው የወጣ የማይታይ የማይሸት መርዝ። ምንም ሳይታወቀው ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

«መቼ?»

«ከጠዋቱ ሻይ ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ ምሳ። ከዚያ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ሎርና ጎንበስ ብላ ገጹን አየች። እንቆቅልሽ አትወድም፤ የሥራዋ ይበቃታል ባይ ናት። ገጹ ንጹሕ ነበር። በሰማያዊ ቀለም የተጻፉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በየሳጥናቸው መሃል ቁጭ ብለዋል። ከጠረጴዛው ሥር ያለ ካርቶን ደግሞ አልባን ባለፉት ወራት በፈታቸው ገጾች ተሞልቷል። ጥቂቶቹን አንስታ አገላበጠች። የሻይ ኩባያ የተወው ክብ፣ ስርዝ ድልዝ፣ በየሳጥኑ ጥግ ለሙከራ የተጻፉ ጥቃቅን ቁጥሮች። በአንዱ ኅዳግ ላይ «ይሄን የሠራ እጅ ይሰበር!» ይላል። ሎርና ገጾቹን መልሳ አስቀመጠችና ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች።

ግዌንዳ የቀዘቀዘ ሻይ ከፊቷ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ለመጽሔቷ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ስትተይብና ስትፈትን የኖረች፣ ፀጉሯ የነጣ፣ ቀጭን ሴት ናት።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች ሎርና።

«ምን መጀመሪያ አለው የኔ ልጅ? ጋዜጣውን የወተፍኩት እኔ ነኝ።»

«የት ላይ?»

«የጋራዡ አየር ማስገቢያ ላይ። ክረምት በመጣ ቁጥር እወትፈዋለሁ። ንፋሱ በዚያ እየገባ እግሩን ይቆረጥመዋል፤ ካልሲ ደርብ ቢሉት ደግሞ የማን ምክር ሊሰማ! በጋዝ ጭስ ሰው እንደሚሞት ዛሬ ነው ያወቅኩት። ይቅርታ፣ ውሸቴን ነው። ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ነው የወተፍኩት።»

«ቀኑን ሙሉ ያየው ሰው የለም?»

«ሰሌዳው ተሰቅሎ!» አለች ግዌንዳ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እንደገረማት። «ደንቡ ነው። ማንኛውም እንቆቅልሽ ከመታተሙ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው በብዕር ይፈታዋል። መደምሰስ የለም። አንባቢው የት እንደሚሰናከል የምናውቀው ከስርዝ ድልዙ ነው። ያን ጊዜ ሰሌዳው ይሰቀላል፣ ማንም አያንኳኳም። አልባን ቤቱ ቢቃጠል እንኳ በኋላ ንገሩኝ ይል ነበር።»

«እርስዎ አልጠሩትም?»

ግዌንዳ ኩባያውን ወደ ራሷ አስጠጋችው፤ አልጠጣችውም።

«ለሻይ ልጠራው ወጣሁ። ጓሮው በር ላይ ሆኜ ስሙን ጠራሁ፣ ዝም አለ። ሰሌዳውን አየሁና ተመለስኩ። ለምሳም እንዲሁ አደረግኩ። ሊመሽ ሲል ነው የከፈትኩት።»

የእምነት ቃሏን ያን ዕለት ራሷ ጽፋ ፈረመች። ሎርና ፊርማው ከመድረቁ በፊት እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«ይህ ፍርድ ቤት ያቆምዎታል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው የሚባለው። ሊያሳስር ይችላል።»

«ይገባኛላ» አለች ግዌንዳ።

በማግሥቱ ጠዋት ሎርና የጋዝ ሠራተኛ ይዛ መጣች። ሰውየው ማሞቂያውን ፈታታው፤ ከዚያ ከጋራዡ ጀርባ፣ ሎሚው ዛፍ ሥር፣ ዝቅ ብሎ ከግድግዳው ብቅ ወዳለው የጭስ ማውጫ ቧንቧ ሄዱ። ሎርና እንደ ደረሰች ተንበረከከች።

«ይሄ ምንድን ነው? ውስጡ ጥቀርሻ ነው፤ አፉ ላይ ግን ዙሪያውን ተጠርጓል።»

ሰውየው በባትሪ አየ። «አንድ ነገር ገብቶበት ነበር። ጨርቅ ይመስለኛል። የሳምንት ነገር አይደለም፤ ትናንት ነው።»

«የወፍ ጎጆ ሊሆን አይችልም?»

«ጎጆዋን ነቅላ ይዛ የምትሄድ ወፍ ካየሽ ጥሪኝ።»

«እሺ፤ ጋዜጣውስ? እሱ ብቻውን ይገድላል?»

«ለስንት ክረምት ተወትፎ ማንንም አልገደለም። ግን ዳኛ ፊት አቁመሽ ‹ጋዜጣው ረድቷል ወይ?› ብትዪኝ አዎ ነው የምለው። መዋሸት አልችልም።»

ከበርኒ አለቃዋ ደወለላት። «እንግዲያ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ማለት ነው። ገደልኩ ብላ የፈረመች ሴት አለችሽ፤ ቀዳዳውን በአንድ በኩል መወተፏንም አምናለች። ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ትንሽ ጊዜ» አለች ሎርና። ስልኩን ስትዘጋ ነገሩ ከፋት። ቧንቧውን ያገኘችው ግዌንዳን ነጻ ለማውጣት ነበር፤ አሁን ከቸልተኝነት አንስታ ነፍሰ ገዳይ አደረገቻት።

በዚያ ሰኞ ጠዋት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ግዌንዳ፣ ሥራ አስኪያጁ ሮዋን ፓይበስና የቁጥር እንቆቅልሽ ሠሪዋ ሪካ። የማገዶው ክምር ጓሮ ስለሆነ ሦስቱም ለቢሮው ምድጃ እንጨት ሊያመጡ በየተራ ወጥተዋል። ሦስቱም ሰሌዳውን አይተዋል። አንዳቸውም አላንኳኩም።

ሮዋን ፓይበስ ክራቫቱን አላልቶ፣ የሚጮኽ ስልክ ከፊቱ አስቀምጦ ሳያነሳው ተገኘ። የመጽሔቷ ገበያ በእሱ እጅ ነው፤ ለሲድኒ ትሸጥ እያለ ከአልባን ጋር ሲሟገት የከረመውም እሱ ነው።

«ይጠይቁኝ እንጂ መርማሪ» አለ። «ትሸጥ ያለው ማን ነው? ሮዋን። የተጨቃጨቀው ማን ነው? ሮዋን። ባለፈው ሳምንት ‹እዚያ ጋራዥህ ውስጥ ትሞታለህ› ብሎ የጮኸውስ? ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶኛል። አሁን አፌን መርፌ ይስፋው ብል ማን ይሰማኛል?»

«ከመሸጡ ሌላ የሚያጨቃጭቅ ነገር ነበር?»

ሮዋን ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ሌባ ነበረብን። እንቆቅልሾቻችን እኛ ሳናትማቸው በአንዲት የሜልበርን ተፎካካሪ መጽሔት ላይ ይወጣሉ። ከእኛው ቤት ያለ ሰው ነው የሚልከው። አልባን ወጥመድ አጠመደ። ራሱ አንድ የቁጥር እንቆቅልሽ ሠራና ሆን ብሎ አበላሸው፤ ሁለት መልስ እንዲኖረው አደረገ። ያ ለእንቆቅልሽ ሠሪዎች ነውር ነው፤ እንቆቅልሽ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚኖረው። ከሌላው ሥራ ጋር ደባልቆ አቃፊ ውስጥ ተወው። አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጠኝ።»

«ለምን ለእርስዎ?»

«‹አንተ ሌባው ልትሆን አትችልም› አለኝ። ‹የሕፃናት የመንገድ ፍለጋ እንቆቅልሽ ስትሞክር እንኳ እርሳስህን ግድግዳ ውስጥ ነው የምታስገባው።›» ሮዋን ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ዓርብ ዕለት የሜልበርኗ አዲስ እትም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ይስቅ ነበር፤ ደስ የማይል ሳቅ። ‹ማን እንደሆነ አወቅኩ፤ ሰኞ በጠዋቱ ሻይ ላይ ሁላችሁም ባላችሁበት እናገራለሁ› አለኝ።»

«ጠረጴዛው ላይ የሜልበርን መጽሔት አላገኘንም።»

«እዚያ ነበር» አለ ሮዋን። ከመሳቢያው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። «ይኸው የተበላሸው። ቢበላሽም ባይበላሽም ለእኔ ልዩነቱ አይታየኝም።»

ሪካ ባሕሩን በሚያየው ጠባብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ከሆላንድ መርከብ የወረደች፣ ረጅምና ዝምተኛ ሴት ናት። ለሎርና ሻይ አቀረበችና ሁለት ብስኩት በኩባያው ግራና ቀኝ አስቀመጠች።

«ግዌንዳ እንዴት ሆነች?» አለች፣ ሎርና ገና ሳትቀመጥ።

«ከቤቷ ናት። የመጽሔቷ የቁጥር እንቆቅልሽ ሁሉ የእርስዎ ሥራ ነው?»

«የመጽሔቷ ነው።»

«ሠሪውን ማለቴ ነው።»

«ሠሪ ስሙ አይጻፍም። አንባቢው ከመጽሔቷ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይጫወትም፤ አልባን እንዲህ ነው የሚለው። የሚለው ነበር።»

«አልባን ፊት ተዘርግቶ የነበረውም የእርስዎ ነው?»

«አዎ፤ አዲስ ነው። ጠዋት በታሸገ ፖስታ የፈተና ሥራ በሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ጨመርኩት።»

«ከዚያ በፊት ያየው ሰው ይኖራል?»

«ከሠሪው በቀር ማንም አያይም!» ሪካ ቀና አለች፤ በዚያ ጠዋት ድምፅዋ ከፍ ሲል ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አንድ ሰው አስቀድሞ ካየው ፈተናው ምን ዋጋ አለው?» ወዲያው ደግሞ ዝቅ ብላ፣ «ግዌንዳን ይከሷታል?» አለች።

«ፈርማለች።»

ሪካ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ሎርና ሻይዋን ጨረሰች፤ ሪካ ስለ ሟቹ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀቻትም።

ከኮረብታው ስትወርድ ጋዜጣ ሻጩ ጋ ቆማ የሜልበርኗን መጽሔት ገዛች። እዚያችው በመኪናዋ ውስጥ ሆና የሮዋንን ወረቀት ከጎኑ አድርጋ ብዙ ገጽ አገላበጠች። ስታገኘው ወደ ጎን ተገልብጦ ነበር፤ ያው እንቆቅልሽ ነው። ግን ልክ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ አስቀድመው በሚሰጡት ቁጥሮች ላይ ሁለት ተጨምረዋል። ከሥሩ ያለው የሠሪ ስም ኤልስ ብራወር ይላል። ለሜልበርኑ አዘጋጅ ደወለች። ኤልስ ብራወርን በአካል አይቷት አያውቅም፤ ሥራዋ የሚመጣው እዚያው ደሴት ላይ ካለችው ከዴቨንፖርት ከተማ የፖስታ ሣጥን ነው።

ግዌንዳ ቤት በር ላይ ትንሽ ሻንጣ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ጓሮው ጸጥ ብሏል፤ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጥታቸዋለች።

«ልትወስጂኝ ነው?»

«አይደለም። አንድ ነገር እንዲሠሩልኝ ነው።» ሎርና አልባን ፊት የነበረውን እንቆቅልሽ፣ የተሞላው ሁሉ ቀርቶ ባዶውን በሌላ ወረቀት ገልብጣ አቀረበችላት። «ይፍቱልኝ። በደንቡ መሠረት፣ በብዕር።»

ግዌንዳ አፍራ ተመለከተቻት፤ በኀዘን ሰሞን ጨዋታ! ግን ብዕሩ እጇ እንደ ገባ ትከሻዋ ተፈታ። ጥቃቅን ቁጥር በየጥጉ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ «አይ ሪካ፣ አንቺ ተንኮለኛ» ብላ አጉረመረመች፣ እንደገና ሰረዘች። ግማሹ ሲሞላ ሎርና አስቆመቻት። ገጹ ዶሮ የጫረው መስሏል።

«አልባን ከእርስዎ የተሻለ ፈቺ ነበር?»

«አልባን? በሕይወቱ አንድም ሳይራገም የጨረሰው የለም። ለዚህ ነው ጥሩ ፈታኝ የሆነው፤ እንደ አንባቢው ይሳሳታል።»

ሎርና ሁለተኛውን ነገር አወጣች፤ የተበላሸውንና የሜልበርኑን ጎን ለጎን።

«ይህኛው ሁለት መልስ አለው ይባላል። ይህኛው ደግሞ ሁለት ቁጥር ተጨምሮበታል፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ትይዩው ጥግ ላይ። ለማስተካከል ሁለት ቁጥር ያስፈልግ ነበር?»

ግዌንዳ መነጽሯን አስተካክላ አየች። «አያስፈልግም። ይሄኛው አንዱ ይበቃል።»

«ታዲያ ሁለተኛው ለምን ነው?»

«ለዓይን ነዋ። አንዱን ብቻ ብታስገቢው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ትይዩውን ካላስገባሽ…»

እዚህ ላይ ቆመች። ወረቀቶቹን ቀስ ብላ አጠፈችና ወደ ሎርና ገፋቻቸው።

«ይህን የሚያደርግ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ የወተፍኩት» አለች ግዌንዳ። «አልኩሽ እኮ። ፈርሜልሻለሁ። ከዚያ በላይ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?»

በማግሥቱ፣ በጠዋቱ ሻይ ሰዓት፣ ሎርና ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩን ወለል አድርጋ ተወችው፤ ንፋሱ ወረቀቶቿን እንዳይወስድባት ማባዣው ማሽን ላይ በእጇ ተጫነቻቸው። ሮዋን ቆሞ ነው። ሪካና ግዌንዳ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አልባን የሞተው በአደጋ አይደለም» አለች ሎርና። «አንድ ሰው ሎሚው ሥር ባለው ቧንቧ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ አውጥቶታል። ጥቀርሻው ተጠርጓል።»

«አምላኬ!» አለ ሮዋን።

«ቧንቧው ግን ብቻውን አይበቃም ነበር። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ግዌንዳ በሩን ከፍታ ትገባለች፤ አልባንም ምናልባት ይተርፋል። እንዳትገባ የሚያደርጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሌዳው። አቶ ፓይበስ፣ አልባን ሰኞ ጠዋት ምን ሊያደርግ ነበር?»

«በሻይ ላይ የሌባውን ስም ሊናገር።»

«በሻይ ሰዓት ሊናገር የተዘጋጀ ሰው፣ እስከ ምሳ የሚወስድ ፈተና ጀምሮ አትረብሹኝ ብሎ ሰሌዳ ይሰቅላል?»

ሮዋን ራሱን ነቀነቀ።

«ሰሌዳውን የሰቀለው ሌላ ሰው ነው። ሰሌዳ ከተሰቀለ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ፈተና መኖር አለበት። ስለዚህ ያ ሰው አልባን ከሞተ በኋላ ገባ። የሜልበርኗን መጽሔት አነሳ፤ በቦታው ግማሹ የተሞላ ገጽ አስቀመጠ፤ ብዕሩንም እጁ ውስጥ አደረገ።» ሁለት ገጾች ከፍ አድርጋ አሳየች። «ይህ ግዌንዳ ትናንት የሞላችው ነው። ይህ ደግሞ ከአልባን ፊት የተገኘው። ያው እንቆቅልሽ ነው።»

ሮዋን አጎንብሶ አየ። «አንደኛው ንጹሕ ነው። እኔ እንኳ ይታየኛል።»

«አንድም ስርዝ የለውም። አንድም ቦታ አላመነታም። አልባን ደግሞ ሳይሳሳት የፈታው እንቆቅልሽ የለም። ይህን ገጽ የሞላው ሰው መንገዱን ከነመታጠፊያው ያውቀዋል። እንቆቅልሹ በታሸገ ፖስታ የመጣ አዲስ ነው። ከመከፈቱ በፊት ማን እንዳየው ጠይቄ ነበር።» ሎርና ወደ አግዳሚው ዞረች። «እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፣ ወይዘሮ ሪካ። ከሠሪው በቀር ማንም።»

«መልሱን ሰርቄ አይቼው ሊሆን ይችላል» አለች ግዌንዳ ቶሎ ብላ። «ፖስታውን እኔ…»

«ግዌንዳ» አለች ሪካ። «ተይ።»

«ሌባውም ያው ሰው ነው» አለች ሎርና። «ተራ ሌባ ቢሆን ወጥመዱን ከነብልሽቱ ይልከው ነበር። ይህ ሰው ግን ሁለት መልስ ያለው ሥራ በእጁ አልፎ ሲሄድ ዝም ማለት አልቻለም። አንድ ቁጥር ጨመረ፣ ተስተካከለ። ከዚያ ወደ አንድ ጎን አዘነበለበት፤ ትይዩውንም ጨመረ። አልባን መጽሔቱን እንዳየ የማን እጅ እንደሆነ የገባው ለዚህ ነው። ግዌንዳም ትናንት ገብቷታል፤ ስምዎን ከምትጠራ እስር ቤት መግባት መረጠች።»

ሪካ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አንድ ላይ አደረገች።

«የራሴን ነው የላክሁት» አለች። «ወጥመዱ ሲቀር ሁሉም የእኔ ነበር። እነሱ ከእያንዳንዱ ሥር ስም ያትማሉ። የእናቴን ስም ሰጠኋቸው። በየወሩ ጋዜጣ ሻጩ ጋ ቆሜ ያን አንድ መስመር አነብና መጽሔቱን ሳልገዛ እመልሰዋለሁ።»

«አልባን ምን አለዎት?»

«ቅዳሜ ቤቴ መጣ። በዚህ አገር አንድም አዘጋጅ ሥራሽን እንዳይነካ አደርጋለሁ አለኝ። የመጽሔቷን ታሪክ ረቂቅ ይዞ ነበር፤ ለምሥረታዋ ዓመት በዓል እትም የጻፈውን። ‹አንብቢና ያበላሸሽውን እወቂ› ብሎ ትቶልኝ ሄደ። አነበብኩት። ይቺ ማባዣ ሁለት ገጽ አላት። ፋብሪካው አለ፣ የመጀመሪያው ጋዜጣ ሻጭ አለ፣ ውሻው እንኳ አለ። እኔ የለሁም። ጠረጴዛው ላይ የተገኘውን ገጽ ክፍሌ ሆኜ ሞላሁት፤ የእሱን ቁጥር አጻጻፍ አውቀዋለሁ። ማበላሸት እንዳለብኝ አላጣሁትም። ስርዝ ላደርግበት ብዕሩን አነሳሁ። የራሴን ሥራ… አልቻልኩም።»

«ጋዜጣው እንደተወተፈም ያውቁ ነበር» አለች ሎርና። «አደጋ የሚመስለው በእሱ ነው።»

ሪካ ያን ጊዜ ብቻ ወደ ጎኗ ዞረች። «አደጋ ነው ብለው ያልፉታል ብዬ ነበር። እኔ ነኝ ትያለሽ ብዬ አላሰብኩም፣ ግዌንዳ።»

«እንዴት አላሰብሽም?» አለች ግዌንዳ። «መቼም ታውቂኛለሽ።»

ከውጭ የቆመው ፖሊስ ሲገባ ሪካ ራሷ ተነሳች። ግዌንዳ አብራት ተነስታ ኮቷን አለበሰቻት፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችላት።

መኪናው ኮረብታውን ሲወርድ ሎርና የእምነት ቃሉን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይህ ከእንግዲህ አያስፈልግም።»

ግዌንዳ ወረቀቱን አልተቀበለቻትም።

«ለሻይ ስጠራው በሕይወት ነበር?»

ሎርና መዋሸት አማራት። «ሐኪሙ አያውቅም። እኔም አላውቅም። ሊሆን ይችላል።»

«አንኳኩቼ ቢሆን…»

«ሰሌዳው የተሰቀለው እርስዎ እንዳያንኳኩ ነው።»

«እሱማ አዎ» አለች ግዌንዳ። «ግን ድምፁን ሳጣ፣ ምን አለበት ብዬ በሩን አንድ ጊዜ ገፋ ባደርገው ኖሮ…»

ሮዋን ከኋላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፤ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። አታሚው ይጠብቃል። የዓመት በዓሉ እትም… የእሷን ገጾች ላውጣቸው?»

«አታወጣቸውም» አለች ግዌንዳ። «ከሥራቸው ስም ይገባል። ታሪኩ ውስጥም ይገባል።»

«የነፍሰ ገዳይ ስም? ሲድኒዎቹ ምን ይላሉ?»

«የሠሪዋን ስም። ያን ታሪክ የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ሮዋን። እሷ እንደሌለችበት እያየሁ ነው የተየብኩት። ዘንድሮ ብቻም አይደለም፤ ስንት ዓመት! አንድ መስመር ነበር የሚፈጀው። ይህንን ደግሞ ጻፊብኝ» አለች ወደ ሎርና ዞራ።

«ይህ በፖሊስ አይጻፍም።»

«ይጻፍ ብዬ ነበር» አለች ግዌንዳ።

ወደ ቢሮው ገብታ መተየቢያ ማሽኗ ፊት ተቀመጠች። ሁለቱም ተከተሏት። «ሪካ» ብላ ተየበችና ጣቶቿ ቆሙ።

«ሪካ ብሎ የጠራት አልባን ነው» አለች። «በመጣችበት ቀን፤ ሙሉው ስም ይረዝምብኛል ብሎ። ሙሉው ማን ነበር?»

ሮዋን አሰበ። «ደሞዝ የምከፍላትም ሪካ ቬልድሃውስ እያልኩ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

ሎርና ለእስሩ የመዘገበችውን ገልጣ አነበበች። «ፍሬዴሪካ ዊልሄልሚና ቬልድሃውስ።»

ግዌንዳ የተየበችውን ሰረዘችና መነጽሯን አስተካከለች።

«ቀስ ብለሽ፣ የኔ ልጅ» አለች። «እንደገና በዪልኝ።»

ሎርና እንደገና አለችላት።